የኤሮቢክ ወሰን የልብ ምትዎን በአዲስ አበባ መሃል እንዴት ይለካሉ?

ለግማሽ ማራቶን፣ ለማራቶን ወይም ለረጅም የተራራ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ልምምዱን ረጋ ብሎ እንዲሠራ ከአሠልጣኝም ከልምምድ ጓደኛም ደጋግሞ ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ለዚያ ሰው ልብና እግር ረጋ ያለው ሩጫ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያሳይ ቁጥር፣ ማለትም የኤሮቢክ ወሰን የልብ ምት ነው። በአዲስ አበባ መሃል ለሚሮጥ ሰው ይህ ጉድለት ይበልጥ ይከብዳል። አየሩ ስስ ነው፣ ከተማዋም ከደቡብ ወደ ሰሜን ዳገት ናት፤ ከለገሀር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሯጭ ፍጥነቱን ምንም ሳይጨምር የልብ ምቱ ካሰበው በላይ ወጥቶ ያገኘዋል። ከዚህ በታች የማብራራው ፍተሻ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ አንድ ሰዓት የማይቋረጥ ሩጫ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሌለው ቦታ፣ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያና ትዕግሥት ይበቃዋል።

የሚለካው ነገር

በረጅም ሩጫ ጊዜ ሰውነት ኃይል የሚያገኘው በዋናነት ስብንና ካርቦሃይድሬትን በኦክስጅን በማቃጠል ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ሲሆን የስብ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ካርቦሃይድሬት ሲቃጠል በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረው ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ወዲያው ስለሚወገድ በደም ውስጥ ያለው መጠን በእረፍት ጊዜ ካለው እምብዛም አይለይም። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ላክቴት ከእረፍት መጠኑ በላይ መውጣት የሚጀምርበት ነጥብ ይደርሳል። የመጀመሪያው ወይም የኤሮቢክ ወሰን የሚባለው ይህ ነጥብ ሲሆን፣ በብዙ ሰዎች ላይ በአንድ ሊትር ደም 2 ሚሊሞል አካባቢ ይገኛል። ከዚያ በላይ ሲፈጠን ሁለተኛው ወሰን፣ ማለትም ከሚወገደው ላክቴት ይልቅ የሚፈጠረው የሚያይልበትና ሯጩ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ የሚደክምበት ነጥብ ይመጣል፤ እርሱም በተለምዶ ከ4 ሚሊሞል ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ቁጥሮች የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ አይደሉም።

ለጽናት ስፖርት የመጀመሪያው ወሰን የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ከእርሱ በታች የተሠራ ሩጫ ሰውነትን ብዙ ሳያደክም በጡንቻ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮችና ማይቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ክፍሎች) ያበዛል፣ በማግስቱም ደግሞ ለመሮጥ ያስችላል። ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብሎ በየቀኑ የሚሮጥ ሰው ግን በደንብ የሠራ ይመስለዋል እንጂ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ፈጣን ልምምድ በሚመጣበት ቀንም እግሩ አይታዘዝለትም። በእንጦጦ ጫካ በተርታ እየተከታተሉ በቀላል ቀናቸው የሚሮጡ ታላላቅ አትሌቶቻችንን ያየ ሰው ምን ያህል ዝግ ብለው እንደሚሮጡ ያውቃል። ከእነርሱ ብዙ የሚያንስ አቅም ያለን ሰዎች በቀላል ቀናችን ከእነርሱ ፈጥነን የምንሮጥበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

በቀመር ማስላት ለምን እንደማይበቃም መናገር ያስፈልጋል። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የአንድን ሰው ከፍተኛ የልብ ምት በግምት ይሰጣል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች በእውነት የሚኖራቸው ምት ከዚህ ግምት በ10 እና በ12 መለየቱ የተለመደ ነው። የ40 ዓመት ሰው በቀመሩ 180 ይደርሰዋል፤ እውነተኛው ግን 168 ወይም 192 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ከ180 ላይ ዕድሜን የሚቀንሰው ሌላው ቀመር በቀጥታ የኤሮቢክ ልምምድን ጣሪያ ለመገመት የወጣ በመሆኑ ለጀማሪ መነሻ ይሆናል፤ ይሁንና እርሱም ስለ ዕድሜዎ እንጂ ስለ እርስዎ ልብ የሚያውቀው ነገር የለም። የእጅ ሰዓትዎ በራሱ የሚያወጣቸው የልብ ምት ደረጃዎችም ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቀመሮች ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ ፍተሻውን ሠርተው ቁጥሮቹን በእጅዎ እስኪያስተካክሉ ድረስ አይመኑባቸው።

መለኪያው

ለዚህ ሥራ የምመክረው የደረት ቀበቶ ነው። የእጅ ሰዓት ከቆዳ ሥር ያለውን የደም ፍሰት በብርሃን እያየ ስለሚገምት፣ ማለዳ ብርዱ የእጅን ደም ሥሮች ሲያጠብ ወይም ሰዓቱ ሲላላ ይሳሳታል። ከስሕተቶቹ ሁሉ የሚያታልለው ደግሞ የእግር ርምጃን የልብ ምት አድርጎ ማንበቡ ነው፤ ገና በሁለተኛው ደቂቃ፣ ምንም ሳያለከልኩ 172 ካሳየዎትና በደቂቃ የሚረግጡት ርምጃም 172 ከሆነ፣ ሰዓቱ የቆጠረው እግርዎን ነው። ቀበቶው በበኩሉ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ ከቆዳ ጋር በእርጥበት መገናኘት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ማለዳ ላብ ሳይመጣ ቀበቶውን ደረቁን ያሰረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚዘሉ ቁጥሮችን ያያል፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ያሉትን ሁለቱን የጎማ ንጣፎች በውኃ ወይም በምራቅ አርሰው ከጡት በታች በደንብ አጥብቀው ይሰሩት። ከልምምድ በኋላም ንጣፎቹን ያጥቧቸው፤ የደረቀ የላብ ጨው ቀበቶውን ቶሎ ያበላሸዋል።

ቦታው

ፍተሻው የአንድ ሰዓት ሩጫን የመጀመሪያና የሁለተኛ ግማሽ የልብ ምት የሚያወዳድር ስለሆነ፣ ዋጋ የሚኖረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ አንድ ዓይነት ሥራ ከተሠራ ነው፤ በመሃል አዲስ አበባ ደግሞ ይህን የሚፈቅድ ቦታ ማግኘት የፍተሻው ግማሽ ድካም ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥተው ወደ አራት ኪሎ ወጥተው በዚያው መንገድ ቢመለሱ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ዳገት ሁለተኛው ቁልቁለት ይሆንና የልብ ምትዎ በድካም የጨመረውን ቁልቁለቱ ይሸፍነዋል፤ ውጤቱ መልካም ይመስላል፣ ነገር ግን ሐሰት ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ለቀላል ሩጫ እጅግ የሚያመች ቢሆንም፣ መሻገሪያ ላይ መኪና ጠብቀው 30 ሰከንድ በቆሙ ቁጥር ልብዎ ያርፋል፣ ንጽጽሩም ይዛባል።

የተሻለው አማራጭ አጭር ዙር ደጋግሞ መሮጥ ነው። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ለዚህ ይረዳሉ፤ አንዱን እርከን መርጠው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሻገሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሱ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በቡድን የሚሠሩ ሰዎች ስለሚበዙ ከመካከለኞቹ እርከኖች ይልቅ ሰው የቀለለበትን ይፈልጉ፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱም በድንገት ከመቆም ይልቅ ሰፋ አድርገው ይዙሩ። ስድስት ኪሎ ያለው ጃን ሜዳ፣ ለጥምቀት ወይም ለሌላ ዝግጅት ካልተያዘና ዝናብ ካላጨቀየው፣ ረዘም ያለ ዙር ይሰጣል፤ ሣሩና አፈሩም ለጉልበት ምቹ ነው፤ ዳሩ ግን መሬቱ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ሁልጊዜ በአንድ መስመርና በአንድ አቅጣጫ መዞር ያስፈልጋል። በእነዚህ አጫጭር ዙሮች ላይ የሰዓትዎን የሳተላይት ርቀት አይመኑ፣ መታጠፊያዎችን እየቆረጠ ያሳንሰዋል። ከዚያ ይልቅ በየዙሩ የሰዓቱን የዙር ቁልፍ ይጫኑና እያንዳንዱ ዙር ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይከታተሉ።

ጂም ያለው ሰው ትሬድሚል ቢጠቀም ፍጥነቱ ስለማይዋዥቅ ስሌቱ የበለጠ ይጠራል። ክፍሉ ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ከሆነ ግን ሙቀቱ ብቻውን የልብ ምትን ስለሚያስነሣ፣ መስኮት አጠገብ ወይም ማራገቢያ ፊት ያለውን ማሽን ይምረጡ። መብራት ቢጠፋ ፍተሻው ተበላሽቷል፤ ሲመጣ ካቆሙበት መቀጠል አይቻልም።

ከፍተሻው በፊት

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ በሩጫ ጊዜ ደረቱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ሰው ሐኪም ሳያማክር ይህን ፍተሻ አይጀምር። የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች፣ በተለይ ቤታ ብሎከር የሚባሉት፣ ቁጥሮቹን ከመሠረቱ ስለሚለውጡ፣ የሚወስዳቸው ሰው ከዚህ በታች በሚገለጸው የንግግር ፍተሻ ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

ከዋዜማው ከባድ ልምምድ ያስቀሩ፣ በቂ እንቅልፍ ይተኙ፣ ጉንፋን ከያዘዎትም ለሌላ ሳምንት ይተዉት። የጠዋት ቡናዎን ከፍተሻው በኋላ ይጠጡት። የውኃ ጥም የልብ ምትን በሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ጎልቶ ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ውኃ ጭምር በማይቀመስበት ጾም ላይ ያለ ሰው፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን፣ ፍተሻውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢያደርገው ውጤቱ እውነተኛ አቅሙን ያሳየዋል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ገና የመጣ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቅ። የከተማዋ መሃል ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ያልለመደ ሰው ልብም ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ ብዙ ጊዜ ይመታል።

መነሻውን ለመገመት

ፍተሻው የሚጀመረው በግምት ነው፤ ግምቱን የሚሰጠውም ንግግር ነው። ፍተሻው ከመድረሱ በፊት ባለ አንድ ቀን፣ በጣም ዝግ ብለው ይጀምሩና በየሦስት ደቂቃው ፍጥነትዎን በጥቂቱ ይጨምሩ። በእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ መጨረሻ ላይ በቃልዎ የሚያውቁትን ጸሎት ወይም ፊደልን ከሀ ጀምሮ ለ30 ሰከንድ ያህል ድምፅ አውጥተው ይበሉና ተመችቶዎት እንደተናገሩ ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ያለማመንታት «አዎ» ከሆነ ገና ከወሰኑ በታች ነዎት። «እችላለሁ፣ ግን…» ማለት የጀመሩበት ደረጃ ወደ መጀመሪያው ወሰን በጣም የቀረበ ነው፤ በዚያን ጊዜ የታየውን የልብ ምት ይመዝግቡ። ፈጽሞ መናገር ያቃተዎት ደረጃ ወደ ሁለተኛው ወሰን ይጠጋል። አፍን ዘግቶ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ እስከሚቻልበት ድረስ መሮጥም ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ አቧራና የመኪና ጭስ አፍንጫው የሚዘጋበት ሰው ብዙ ስለሆነ እኔ ንግግሩን አስቀድማለሁ።

የአንድ ሰዓቱ ሩጫ

ለ15 ደቂቃ ያህል እየተሟሟቁ፣ ቀስ በቀስ፣ በንግግር ፍተሻው ወዳገኙት የልብ ምት ይድረሱ። ይህ ክፍል የሚዘለል አይደለም፤ ሳይሟሟቅ የጀመረ ሰው የልብ ምቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ ኋላ የሚመጣው ጭማሪ ከእውነቱ በላይ ይገንበታል። ምቱ በተፈለገው ቁጥር ላይ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰዓቱን እንደ አዲስ ያስጀምሩና 60 ደቂቃ ይሩጡ።

በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ መጠበቅ ያለበት ፍጥነቱ ነው። የልብ ምቱ ወደ ላይ ሲሄድ ቢያዩ ፍጥነትዎን አይቀንሱ፤ ዝቅ ቢልም አይጨምሩ፤ ፍተሻው የሚጠይቀው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ልብ ምን ያህል እንደሚጨምር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዙርዎ 70 ሰከንድ ከወሰደ ሃምሳኛውም ወደ 70 የተጠጋ ይሁን። ከጓደኛ ጋር መሮጥ ጥሩ ነገር ቢሆንም ለዚህ ቀን ብቻዎን ይሩጡ፣ የጎንዮሽ ፉክክር ሳይታወቅ ይገባልና። ምቱን በየጊዜው ማየትም አያስፈልግም፤ ሰዓቱ ይመዘግበዋል።

ሲጨርሱ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃና የሁለተኛውን 30 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት ለየብቻ ያውጡ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ይቀንሱ፣ ልዩነቱን ለመጀመሪያው ያካፍሉና በ100 ያባዙ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ግማሽ 138፣ ሁለተኛው 143 ከሆነ ልዩነቱ 5 ነው፤ 5 ለ138 ሲካፈል ወደ 3.6 በመቶ ይመጣል። ጭማሪው ከ3.5 እስከ 5 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው ግማሽ አማካይ፣ በዚህ ምሳሌ 138፣ የኤሮቢክ ወሰንዎ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ከ3.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ132 ወደ 134 ብቻ ከወጣ፣ የሮጡት ከወሰንዎ በታች ስለነበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ መነሻውን በ5 ምት ከፍ አድርገው ይድገሙት። ከ145 ወደ 154 ወጥቶ 6.2 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከወሰንዎ በላይ ጀምረዋል፤ በ5 ምት ዝቅ ያድርጉ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ የሚያገኘው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ቁጥሩን ለማሳመር ከመሞከር ይልቅ እንደወጣ መቀበል በሚቀጥሉት ወራት ብዙ ድካም ያተርፋል።

ፍጥነቱን እኩል መያዝ ለከበደው ሰው ሌላ መንገድ አለ። የልብ ምቱን በአንድ ቁጥር ላይ ይዞ አንድ ሰዓት ይሮጥና በሁለቱ ግማሾች የሸፈነውን ርቀት ያወዳድራል። በመጀመሪያው 30 ደቂቃ 4,800 ሜትር፣ በሁለተኛው 4,620 ሜትር ከሮጠ የቀነሰው 180 ሜትር ማለትም 3.75 በመቶ ነው፤ ትርጉሙም ከላይ እንደተገለጸው ነው። ለዚህኛው ግን ርቀቱ በትክክል የታወቀ ዙር የግድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወሰንና ክፍተቱ

የመጀመሪያውን ወሰን ካገኙ በኋላ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን አርፈው፣ ሁለተኛውን መለካት ይችላሉ። በደንብ ይሟሟቁና ለ30 ደቂቃ በእኩል ፍጥነት ሊዘልቁት የሚችሉትን ያህል በርትተው ይሩጡ፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት ለሁለተኛው ወሰን ጥሩ ግምት ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው አጀማመሩ ነው፤ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የፈነጠዘ ሰው በሃያኛው ደቂቃ ስለሚንገዳገድ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ ለዚህ ፍተሻ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ፤ ሕዝቡና ጭፈራው የሚወደድበት ሩጫ ስለሆነ ለደስታው ይሩጡት፣ ለመለኪያ ግን አይሆንም።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው 138፣ ሁለተኛው 168 ከሆነ ክፍተቱ 30 ምት፣ ከመጀመሪያው አንጻር ወደ 22 በመቶ ነው። የተራራና የረጅም ርቀት አሠልጣኞች ክፍተቱ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን የኤሮቢክ መሠረቱ ገና ደካማ ነው ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለጥቂት ወራት ፈጣን ልምምዶችን አሳንሶ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሩጫውን ከ138 በታች ቢያደርግ፣ የመጀመሪያው ወሰን ወደ ሁለተኛው እየተጠጋ ይሄዳል። ክፍተቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ፈጣን ልምምድ መጨመር ትርፍ ማምጣት ይጀምራል።

በተግባር ይህ ማለት ዳገት ላይ መራመድ ማለት ሊሆን ይችላል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ሰዓቱ 138 ካለፈ ርምጃ ያሳጥሩ፣ ካልወረደም ይራመዱ፤ ሲወርድ መሮጥዎን ይቀጥሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያስበው ነገር ለልብዎ ምንም አይጨምርለትም። ወደ እንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ፣ በዚያው የልብ ምት የሚሮጡት ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም፤ የሚጠበቀው ምቱ ነው። ወደ አዳማ ወይም ሐዋሳ፣ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ሲወርዱ ደግሞ ኦክስጅኑ ቢጨምርም ሙቀቱ ምቱን ስለሚያስነሣ፣ ለእነዚያ ቀናት በንግግር ፍተሻው ይመሩ እንጂ በአዲስ አበባ ያገኙትን ፍጥነት ይዘው አይሂዱ።

ፍተሻውን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ቀበቶ ይድገሙት። ከውጤቱ ጋር የአየሩን ሁኔታ፣ የእንቅልፍዎን ሰዓትና የአንዱን ዙር ሰከንድ ይጻፉ፤ ወሰኑ በቁጥር ሳይንቀሳቀስ በዚያው 138 ላይ ዙሩ ከ70 ወደ 66 ሰከንድ ቢወርድ ይህም ራሱ ትልቅ እድገት ነው፤ ሳይጻፍ የቀረ ሰው ግን ሊያየው አይችልም።